የሰማይ ላምና የጎታ ገብስ

የእህቴ ልጅ፤

ባለፈው ከሳንቃበር ወርደህ ቤቴ ስትገባ፣ የጫማህን አቧራ እንኳ ሳታራግፍ «ጋሼ፣ ይሄ ስልክ ሞልቶ አላስቀምጥ አለኝ፤ ፋይል ሲንክ የሚያደርግ ቀላል አፕ የቱ ነው? ይንገሩኝ» አልኸኝ። ቡናው ገና እየተቆላ ነበር። እኔም የገብስ ቆሎ አቅርቤልህ ዝም አልሁ። ቅር ብሎህ እንደ ሄድህ አውቃለሁ። የዚያን ዕለት የአንዱን አፕ ስም ብነግርህ ኖሮ ቶናው ሳይቀዳ አውርደህ፣ የጠየቀህን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ብለህ ተጭነህ፣ በማግስቱ እንግዶችህን ይዘህ ወደ ጨነቅ ትወጣ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። በዚህ ነገር ግን የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምም፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጽፍልህ ወደድሁ።

«ጋሼ ደግሞ ስለ አፕ ምን ያውቃሉ?» እንዳትል። ዳባትም ደባርቅም ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ፤ መዝገቡ ከደብተር ወደ ስልክ የገባው በእኔ እጅ ነው። ከዚያም በላይ አንድ ጊዜ ተቃጥዬበታለሁ። ታሪኩን ለእናትህም ነግሬያት አላውቅም።

በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ከሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጥተው ደባርቅ ሊሰፍሩ በተቃረቡበት ጊዜ ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ጋር ወደዚያ ወጣሁ። ጎጆዎቹን፣ አውድማውን፣ ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡትን ሽማግሌዎች፣ ገብስ ስታሰጣ የነበረችውን አሮጊት፣ ሁለት መቶ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ስልኬን ከቤት ኮምፒውተሬ ጋር የሚያመሳስል አንድ አፕ ነበረኝና ስመለስ ሁሉም ወደ ኮምፒውተሩ ገባ። ደስ አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኩ ሲሞላ «ኮምፒውተሩ ላይ አለልኝ» ብዬ ከስልኩ ሰረዝሁት። ማታ ስልኩ ከዋይፋዩ ጋር ተገናኘ፤ አፑም የታዘዘውን የሚፈጽም ሎሌ ነውና ከኮምፒውተሩም ላይ ጠርጎ አወጣው። ያወቅሁት በሦስተኛው ወር፣ ከግጭ የመጣ ጎረቤቴ «እስቲ የቤቴን ፎቶ አሳየኝ» ሲለኝ ነው። ብከፍት ባዶ፤ የተሰረዘ የሚቀመጥበትን ቅርጫት ብፈትሽ እሱም ባዶ። ግጭ ዛሬ ሣር ነው፤ ተመልሼ የማነሳው ቤት የለም። ሰውየው «ምንም አይደል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለዚያ ቤት አንስቶልኝ አያውቅም።

የአፑን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲንክ ማለት ማመሳሰል ነው። እዚህ የጨመርኸው እዚያ ይጨመራል፤ እዚህ የሰረዝኸው እዚያ ይሰረዛል። እኔ ደግሞ ማስቀመጥ መስሎኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ስልክ ግን ልቀቅ ሲሉት ይለቃል።

አያትህ ሁለት ጎታ ነበራት። ከትልቁ የዕለት ገብስ ይወጣል፣ ይገባል፤ በየቀኑ እጅ ይነካዋል። ትንሿ ጎታ ግን አፏ በጭቃና በእበት ተመርጎ ጓዳ ጥግ ትቀመጣለች፤ የዘር ናት። ክረምቱ ከብዶ ልጅ ቢያለቅስም አትከፈትም። እኔ ራሴ አልቅሼ አልተከፈተችልኝም። ሲንክ ትልቁ ጎታ ነው፤ ባክአፕ፣ ማለት መጠባበቂያው፣ ትንሿ ናት። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ትልቁ ብቻ ነው። ምናልባትም ሌላይቱ መኖሯን አላወቅህም።

ስለዚህ ማናቸውንም አፕ ከማውረድህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ። ኔትወርክ ሲጠፋ ይህ አፕ ምን ይሆናል? እኔ ስሳሳትስ ምን ያደርጋል? የመልኩ ማማርና የኮከቡ መብዛት ከዚህ በኋላ ይታያል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አገራችን አስተምሮናል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስንት ወር እንደ ቆየን አንተም እኔም አንረሳውም። የትምህርት ማስረጃውን፣ የቤቱን ካርታ ቅጂ፣ የልጁን የክርስትና ፎቶ «ክላውድ ላይ አለኝ» ይል የነበረ ሁሉ አንጋጦ ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት በትክክል የገባኝ ያኔ ነው። ክላውድ ደመና ማለት መሆኑንም ልብ በል። ማለዳ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስትቆም ደመናው ከእግርህ በታች ተነጥፎ የምትራመድበት ይመስልሃል፤ ለእንግዶችህ የምታሳየው ነገር ነው፤ የረገጠው ግን የለም።

ሰላም በሆነ ቀንም ቢሆን ሒሳቡን እንየው። ጎግል በነጻ የሚሰጥህ 15 ጊጋ ነው፤ ጂሜይልህም፣ ድራይቭህም፣ ፎቶህም በዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ዋንድራይቭ 5 ጊጋ፣ ድሮፕቦክስ 2 ጊጋ ነው። አንድ ፎቶ 4 ሜጋ ቢሆን በ15 ጊጋ ውስጥ 3,700 ገደማ ይገባል። አንተ የጭላዳ መንጋ ስታይ ስንት ጊዜ እንደምትጫን አይቻለሁ። በአንድ ጉዞ ሦስት መቶ ብታነሳ 1.2 ጊጋ ነው፤ ያን ሁሉ በገዛኸው ዳታ ወደ ሰማይ መስደድ የቀን አበልህን መብላት ነው። ስለዚህ ማናቸውም አፕ ቢሆን ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ «በዋይፋይ ብቻ» የሚለውን ሳትመርጥ እንዳትወጣ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ለአንተ የምመርጥልህ ሲንክቲንግ የሚባለውን ነው። ፋይልህ በማንም ኩባንያ ቤት ሳያድር ከስልክህ ወደ ቤት ኮምፒውተር ወይም ወደ አሮጌ ስልክ በቀጥታ ይሄዳል። ሁለቱ ዕቃዎች በአንድ ዋይፋይ ሥር ይገናኙለት እንጂ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ዳታ የሌለው ባዶ ራውተር ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ፣ በነጻ የሚሰጥ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ ኮዱም ለማንም የተከፈተ ነው። አንድ ነገር ግን እወቅ፤ ዋናው የአንድሮይድ አፕ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ሥራው ቆሟል። ዛሬ የሚጫነው ሌሎች ያስቀጠሉት ሲንክቲንግ-ፎርክ የሚባለው ነው። አሮጌውን ከጓደኛህ ስልክ በብሉቱዝ እንዳትቀበል።

ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። እኔን የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፤ መነጽሬን ሦስት ጊዜ ወልውያለሁ። በአንዱ ስልክ ላይ የሚወጣውን ኪውአር ኮድ በሌላው ካሜራ ታነብባለህ፤ ሁለቱ ይተዋወቃሉ። ከዚያ ፎልደሩን ትመርጣለህ፦ በኪስህ ስልክ ላይ «ሴንድ ኦንሊ»፣ ቤት በሚቀረው ላይ «ሪሲቭ ኦንሊ»። አብዛኛው ሰው እዚህ ደርሶ ጨረስሁ ይላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! «ላክ ብቻ» ማለት «ስሰርዝ አትስማኝ» ማለት አይደለም። ከኪስህ ስልክ ስትሰርዝ ቤት ያለውም ይሰረዛል። የሚያድንህ፣ ቤት ባለው ዕቃ ላይ «ፋይል ቨርዥኒንግ» የሚለውን ገብተህ «ትራሽ ካን» የሚለውን መምረጥ ነው። ያኔ የተሰረዘው ለብቻው ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ይህ ከመጀመሪያው ተከፍቶ አይመጣም፤ አንተው ትከፍተዋለህ። አንዲት መስመር ናት። የግጭ ቤቶች ፎቶ የጠፋብኝ በእንዲህ ያለች አንዲት መስመር ነው።

ይህ ሁሉ ከከበደህና «እኔ ጎግል ድራይቭ ይሻለኛል» ካልኸኝም አልቆጣም። የድራይቭ አፕ ግን የስልክህን ፎልደር በራሱ አያመሳስልም፤ አንድ በአንድ አንተ ትጭንበታለህ። በራሱ እንዲሠራ ከፈለግህ ፎልደርሲንክ ወይም አውቶሲንክ የሚባለውን አፕ ታክልበታለህ። አውቶሲንክ ላይ «አፕሎድ ኦንሊ» የሚለውን ምረጥ፤ ከሥሩ «አፕሎድ ዜን ዲሊት» የሚል አለ፤ እሱ ልኮ ከስልክህ የሚያጠፋ ነውና ጣትህ እንዳይስትህ። ጎግል ፎቶስ ደግሞ ፎቶን በራሱ ይልካል፤ ወጥመዱ መሰረዙ ላይ ነው። ባክአፕ የሆነውን ፎቶ እዚያው አፕ ውስጥ ሆነህ ብትሰርዝ ከስልክህም ከሰማዩም ይሄዳል፤ 60 ቀን በቅርጫት ይቆይና ያበቃል። ቦታ ለማስለቀቅ ብቻ ከሆነ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጫን፤ እሱ ከስልክ አንስቶ የሰማዩን ይተዋል።

ቴሌግራምንም አውቃለሁ። እዚህ አገር የሁሉም ሰው ጎታ እሱ ሆኗል፤ «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ያልተወረወረ ነገር የለም። እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ አንድ ፋይል ይቀበላል፤ አይከፋም። ፎቶ ግን እንደ ፎቶ ስትልክበት ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ያነሳኸው የዋልያ ቀንድ ጠርዙ ይደበዝዛል። እንደ ፋይል አድርገህ ላክ። አካውንቱም ከስልክ ቁጥርህ ጋር የተጣበቀ ነው። ቁጥርህ ከእጅህ የወጣ ቀን ጎታህም አብሮ ሊወጣ ይችላል።

ጨነቅ ላይ ኔትወርክ በሌለበት እንግዳህ «ያነሳኸኝን ላክልኝ» ሲልህ ሎካልሴንድ የሚባለውን አፕ ተጠቀም። የአንዱን ስልክ ሆትስፖት ከፍተህ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም። አንድሮይድም ይሁን አይፎን፣ ኮምፒውተርም ይሁን ይሠራል፤ ከውጭ የሚመጡት አይፎን የሚይዙት ብዙ ናቸውና ለአንተ ዋናው ይሄ ነው። ሼርኢትን እንደምትወደው አይቻለሁ። ፈጣን ነበር፤ ሁላችንም ፊልም ተቀባብለንበታል። ነገር ግን ሕንድ እሱንም ዜንደር የተባለውን መሰሉንም እ.ኤ.አ. በ2020 አግዳለች፤ በዓመቱ ደግሞ ትሬንድ ማይክሮ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ በሼርኢት የአንድሮይድ አፕ ላይ ሌላ ሰው ገብቶ ፋይል ሊነካ የሚችልበት ቀዳዳ ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። በኋላ ጠግነነዋል ብለዋል። ይሁን፤ እኔ ግን ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ብዬ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ።

ስለ ፈቃድ አንድ ቃል። ፋይል የሚያመሳስል አፕ የፋይል ፈቃድ ቢጠይቅ ያገባዋል፤ ያለዚያ ሥራውን አይሠራም። የስልክ አድራሻህን፣ ማይክሮፎንህን፣ ያለህበትን ቦታ ቢጠይቅህ ግን ለምን በለው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው እንደ እኛ ባለ ገደላማ አገር ነው። ፍጹም ነጻ ነኝ እያለ ማስታወቂያ የሚደረድርብህም፣ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ነው። በሌላ በኩል የስልክህ ባትሪ ቆጣቢ የሲንክ አፑን ከኋላ ሆኖ ያንቀዋል፤ «ለምን አልሄደልኝም?» ብለህ አፑን ከመርገምህ በፊት ለእሱ ብቻ ቁጠባውን አንሳለት።

የእድራችንን ነገር ላውራህ፤ ትስቅበታለህ። የመዋጮውን ዝርዝር በእኔና በገንዘብ ያዡ ስልክ አመሳስለን ነበር። አንድ እሑድ እኔ ቤቴ ሆኜ የሦስት ሰው ክፍያ ጻፍሁ፤ እሱም በዚያው ሰዓት ወቅን ላይ ለልቅሶ ሄዶ የሁለት ሰው ጻፈ፤ ሁለታችንም ኔትወርክ አልነበረንም። ማታ ስልኮቻችን ሲገናኙ፣ ጣሊያን ባወጣው የሊማሊሞ መንገድ መታጠፊያ ላይ ሁለት የጭነት መኪና ፊት ለፊት እንደ ተገጣጠመ ሆነ። አፑ የአንዱን ዋና አድርጎ የሌላውን «ኮንፍሊክት» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ከጎኑ አስቀመጠው። ሁለቱንም ማስቀመጡ ጨዋነት ነው፤ አንዱን በዝምታ የሚውጥ አፕም አለ። እኛ ግን ያንን ፋይል ሳናይ ሁለት ወር ቆየን፤ ሁለት ሰው «ከፍለናል» እያሉ ባለዕዳ ተብለው ተጠሩ። ይቅርታ ጠይቀን ነገሩ በርዷል። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፤ የሚጽፈው ጸሐፊው ነው፣ ሌላው ያነብባል። አንተም ከጓደኛህ ጋር የእንግዶችን ቀጠሮ በአንድ ፋይል የምትይዙ ከሆነ ጸሐፊው አንድ ይሁን።

እንግዶችን ካነሳሁ፣ የፓስፖርታቸውን ፎቶ ስልክህ ውስጥ አይቻለሁ። ለምዝገባ አንስተኸው ይሆናል። ጉዞው ሲያልቅ ሰርዘው፤ ከሚመሳሰለው ፎልደር ውስጥም ከመጀመሪያው አታስገባው። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው።

አሁን ደግሞ ለዚያች ለሰማይ ላም ትንሽ ልከራከርላት፤ ያለዚያ አድልዎ ይሆንብኛል። ሁሉን በቤት ማድረግም ጥሩ አይደለም። ጥር 1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል በብዙ አድባራት የነበረው መጽሐፍ ከቤቱ ጋር ነደደ፤ ከተረፈውም ውስጥ ሸሽቶ ሌላ ቦታ የተቀመጠው ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሳት ሲጀመር ይህን ያሰቡ ሰዎች ነበሩበት። ብራናው በደብሩ ቀረ፤ አንድ የፊልም ቅጂ አዲስ አበባ ተቀመጠ፤ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ውስጥ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ገባ። ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተነሥተዋል። የኮምፒውተር ሰዎች ዛሬ «ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚሉት ይኸው ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት የራቀ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም፤ አንተ እስካሁን የምትጫወተው በአንድ ዓይን ነው።

ለአንተ እንዲህ ይሁንልህ። የየቀኑ ፎቶ ከኪስህ ስልክ ወደ አሮጌው ስልክህ በሲንክቲንግ ይሂድ፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀው፣ ሳጥን ውስጥ የጣልኸው ያ ስልክ ለዚህ ይበቃል። የማይተኩት ጥቂት ነገሮች፣ ዲፕሎማህ፣ የአስጎብኚነት ፈቃድህ፣ የልጆችህ ፎቶ፣ ምርጥ ምርጡ ዋልያና ቀይ ቀበሮ፣ ወደ ድራይቭ ይውጡ፤ ሩቅ ይቀመጡ። በየሁለት ወሩ ደግሞ ሁሉንም በፍላሽ ገልብጠህ ለእናትህ ስጣት፤ ሣጥኗ ውስጥ ከነጠላዋ ሥር ታስቀምጠዋለች። ያ ፍላሽ የዘር ጎታህ ነው፤ ለፊልም ብለህ እንዳትወስደው። ድራይቭህ የሚከፈትበትን የይለፍ ቃልና ስልክህ ቢጠፋ የሚያስገቡህን የመጠባበቂያ ቁጥሮች በወረቀት ጻፍ። ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬህ የለ?

ከሁሉ በፊት ግን ፈትነው። አንድ የማያስቆጭ ፎቶ አንሳ፤ ወደ ቤት ስልክ መሄዱን እይ፤ ከኪስህ ስልክ ሰርዘው፤ ከዚያ መልሰህ ማውጣት መቻልህን ሞክር። ካልወጣ፣ አፑ ገና ያንተ አይደለም። እኔ ይህን ሙከራ ያደረግሁት ከግጭ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ከፓርክ ስትወርድ አሮጌውን ስልክ ከነቻርጀሩ ይዘህልኝ ና። ራውተሩ እኔ ጋ አለ። ቡናውም ከመጀመሪያው እስከ በረካው ድረስ ይጠጣል፤ ጫማህንም አውልቅ።